እናቴ ሲቲዝንሺፕ ትሙላ ወይስ ይቅርባት?

በመድረካችን ላይ ይህን የጥያቄና መልስ ክር የከፈተችው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የምትኖር ሴት ናት። ጊዜው ሚያዝያ 2017፣ ከዳግማ ትንሣኤ በሁለተኛው ቀን። እናቷ ከአዲስ አበባ ከገቡ ገና አንድ ቀናቸው ነበር፤ ሻንጣው እንኳ አልተፈታም።

እናትየው 69 ዓመታቸው ነው። ግሪን ካርድ ከያዙ 16 ዓመት ሆኗቸዋል። በየሁለት ዓመቱ ለመስቀል አገር ቤት ይገባሉ፣ ፋሲካን ውለው ይመለሳሉ። ሽሮ ሜዳ ቤት አላቸው። በዚህኛው ጉዞ ግን ሲመለሱ ኤርፖርት ላይ ጥያቄ በዛባቸው። የት ነው የሚኖሩት፣ ይህን ያህል ጊዜ ምን ሲሠሩ ቆዩ። በማያውቁት ቋንቋ አርባ ደቂቃ ተቀምጠው ወጡ።

ልጅቷ ማታውኑ የዜግነት ማመልከቻውን ከፍታ መሙላት ጀመረች። ስም፣ አድራሻ፣ የጉዞ ቀናት። ሁሉም በሰላም ሄደ። መጨረሻው ላይ ግን የመሃላው ቃል ሰፍሯል፤ ፎርሙን የሚፈርም ሰው እሱንም አውቆ ነው የሚፈርመው። ለሌላ አገር የነበረኝን ታማኝነት ጨርሶ ትቻለሁ የሚል ነው። ልጅቷ ደክሟታል፣ ቡናው ቶና ላይ ደርሷል፣ በችኮላ አገሬን እክዳለሁ ብላ ተረጎመችው። እናትየው ሲኒያቸውን አስቀመጡ። መነጽራቸውን አውልቀው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉት። በረካው ሳይጠጣ ረከቦቱ ተነሣ። ከዚያ ወዲያ ስለ ፎርሙ ትንፍሽ አላሉም።

የጻፈቻቸው ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። እንግሊዝኛ የማይችሉ እናት ፈተናውን እንዴት ያልፋሉ? ፓስፖርት ቢቀይሩ የሽሮ ሜዳው ቤት ምን ይሆናል? የመሃላውን ነገር እንደ ወሬ ነበር ያነሣችው። 35 መልስ የመጣው ግን በአብዛኛው በእሱ ጦስ ነው።

መልስ 1 እንኳን በሰላም ገቡ ብሎ፣ ረጅም ዕድሜ ተመኝቶ ሄደ። ስለ ጥያቄው ምንም የለም። እንዲህ ያለ ሰው በየክሩ አንድ አይጠፋም፤ እኔ እወዳቸዋለሁ።

መልስ 2 ከአሌክሳንድሪያ ነው፣ በሙሉ ልብ የተጻፈ። ዕድሜያቸው ከ65 ያለፈ ሰዎች በአማርኛ ይፈተናሉ፣ የሚያጠኑትም 20 ጥያቄ ብቻ ነው፣ ስለዚህ የሚያስጨንቅ ነገር የለም ይላል። ወዲያው ብዙ ሰው ወደደው።

መልስ 3 በትሕትና አረመው። 20 ጥያቄ ብቻ የሚያጠኑት 65 ዓመት የሞላቸው ብቻ ሳይሆኑ ግሪን ካርድ ይዘው 20 ዓመት የኖሩ ናቸው። እኚህ እናት 16 ላይ ናቸው። የሚገቡበት በር ሌላ ነው፤ 55 ዓመት የሞላውና በግሪን ካርድ 15 ዓመት የኖረ ሰው እንግሊዝኛው ይቀርለታል፣ በአስተርጓሚ በቋንቋው ይፈተናል። ጥያቄው ግን አይቀነስለትም። መቶውንም ማጥናት አለባቸው፤ እስከ አስር ይጠየቃሉ፣ ስድስት ሲመልሱ ያልፋሉ።

መልስ 4 ላይ 2ኛው ተመልሶ መጣ። ተቀይሟል። አክስቱ በ20 ጥያቄ ማለፋቸውን በዓይኑ አይቷል። መልስ 5 ላይ 3ኛዋ አክስቱ መቼ እንደመጡ ጠየቀች። በእኛ አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ በዲቪ የመጡ ኖረዋል። ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ፤ ይቅርታ የጠየቀ ግን የለም።

መልስ 6ን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። የጻፈችው ሴት አባቷ የዛሬ ሦስት ዓመት ተፈትነዋል። መቶውን ጥያቄ በራሷ ድምፅ በአማርኛ ስልካቸው ላይ ቀድታላቸው ነበር። ጠዋት ውዳሴ ማርያማቸውን ሲጨርሱ እሱን ይከፍታሉ። ሴናተሮች መቶ፣ የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዳኞች ዘጠኝ፣ ሰንደቅ ዓላማው ላይ ያሉት መስመሮች አሥራ ሦስት። አንዳንዴ ያንቀላፋሉ፤ ስልኩ ብቻውን ይጠይቃል፣ ብቻውን ይመልሳል።

ፈተናው ቀን የክልልህ ሴናተር ማን ነው ተባሉ። አባትየው በኩራት አንድ ስም ጠሩ። ስሙ ልክ ነው፤ የሜሪላንድ ነው። ልጆቻቸው ሁሉ ሜሪላንድ ስለሚኖሩ ያስጠኗቸው የዚያን ነበር። እሳቸው ግን የሚኖሩት ዲሲ ነው። ዲሲ ሴናተር የለውም፤ ትክክለኛው መልስ እሱ ነበር። በሌላው ጥያቄ ስድስት ሞልተው አለፉ፣ ንዴቱ ግን አልለቀቃቸውም። ግብር እየከፈሉ ወኪል አለመኖሩ ገና ያኔ ነው የገባቸው። የገዛ መኪናቸው ታርጋ ላይ ተጽፎ ስንት ዓመት ነድተውታል። አሁን እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ውጭ አውጥተው ታርጋውን ያሳያሉ።

መልስ 7 ክፍያው ነው። ኦንላይን 710፣ በወረቀት 760 ዶላር። ገቢው ዝቅ ያለ ቤተሰብ 380 ይከፍላል፣ ከዚያም ያነሰ ገቢ ያለው ጨርሶ እንዲነሣለት መጠየቅ ይችላል። ይኸው ነው።

መልስ 8 ደህና ጥያቄ ጠየቀ። 16 ዓመት ሙሉ ዝም ብለው የተቀመጡ ሴትዮ ዛሬ ምን ተገኘ? የኤርፖርቱ ጥያቄ ብቻ አልመሰለውም።

ጠያቂዋ መልስ 9 ላይ አመነች። አዲስ አበባ ወንድም አላት፤ አግብቷል፣ ሁለት ልጆች አሉት። ግሪን ካርድ የያዘች እናት ላገባ ልጅ ማመልከት አትችልም። ሲቲዝን ከሆነች ትችላለች። እሷ ራሷ በእህትነት በፈረንጅ 2019 አመልክታለታለች፤ ያ ሰልፍ ግን ከሁሉም የረዘመው ነው።

እዚህ ላይ የክሩ ፀባይ ተቀየረ። መልስ 10 የጻፈችው ሴት ጥርሷን ነክሳ ነው የመጣችው። እናት መሰላል አይደለችም አለች። ላገቡ ልጆች የሚሞላው ሰልፍ ከአስር ዓመት በላይ እንደሚወስድ፣ አመልካቹ በመሀል ቢሞት ማመልከቻውም በአብዛኛው አብሮ እንደሚሞት አስታወሰች። ከዚያ የእናትየውን ዕድሜ ጻፈች፣ አስር ደመረችበት፣ ድምሩን አስቀመጠች። ሒሳቡ ልክ ነው። ያም ሆኖ ባትደምረው ምን ነበረበት።

መልስ 11 አሁን የለም። እኔ ግን ሳይጠፋ ደርሼበታለሁ። ወንድምየው በወረቀት ብቻ ይፍታትና ያላገባ ተብሎ ይሞላለት የሚል ምክር ነበር። መልስ 12 የጻፈው ሰው ሳይሳደብ አስረዳ። የግሪን ካርድ ባለቤት ያላገባ ልጅ የሚሰለፍበትም ወረፋ የዓመታት ነው። የሐሰት ፍቺ ደግሞ ማጭበርበር ነው፤ ከተነቃበት ሰውየው ዕድሜ ልኩን ሊታገድ ይችላል። እኛ ጋ ይህን ምክር በቡና መካከል እንደ ቀላል ነገር የሚወረውር ሰው ብዙ ነው፤ የሚታገደው ግን እሱ አይደለም።

መልስ 13 ለ10ኛዋ የተሰጠ ስድብ ነው፤ ይለፈን።

መልስ 14ን የጻፈው ሰው የሰው ታክስ በመሥራት ነው የሚተዳደረው። ወሬ አላበዛም። በመስከረም የሄዱበትንና በሚያዝያ የተመለሱበትን ቀን ቆጥሮ 216 ቀን አወጣ። ችግሩ እዚህ ነው አለ። ዜግነት የሚጠይቅ ሰው ከማመልከቱ በፊት ያሉትን 5 ዓመታት ሳያቋርጥ አሜሪካ መኖር አለበት። ከስድስት ወር በላይ ከወጣ ኑሮውን አቋርጧል ተብሎ ይጠረጠራል፣ አላቋረጥኩም የሚለውን ማስረዳት የራሱ ፈንታ ይሆናል። ዓመት ከሞላ ግን ጥርጣሬ አይደለም፤ ቆጠራው ይሰበርና ከተመለሰ በኋላ ቢያንስ 4 ዓመት ከ1 ቀን ይጠብቃል። ከዚህ ሌላ በ5ቱ ዓመት ውስጥ ግማሹን፣ ማለትም 30 ወር፣ በአካል አገሩ ላይ መገኘት ያስፈልጋል። ይህኛው አያሳስባቸውም። ሦስቱም ጉዞ ተደምሮ እንኳ ከ1,100 ቀን በላይ እዚህ ነበሩ፤ የሚፈለገው 913 ነው።

ስለዚህ ያላቸው ምርጫ ሁለት ነው ብሎ ጻፈ። አንድም ከልጃቸው ጋር እንደሚኖሩ የሚያሳይ ነገር መሰብሰብ ነው፤ የሐኪም ቤት ቀጠሮ፣ የታክስ ወረቀት፣ አስቀድሞ የተቆረጠ የመመለሻ ትኬት። አለበለዚያ ቀጣዩን ጉዞ ማሳጠር። መስቀልንና ፋሲካን በአንድ ትኬት ማክበር እንደማያዋጣ የነገራቸው ሰው አለመኖሩ አስገርሞታል። እኔንም አስገረመኝ። ስንት እናቶች ናቸው በዚሁ ሁለት በዓል መካከል የሚመላለሱት።

መልስ 15 የኔ ነው፣ አላኮራኝም። ስድስት ወር ያለፈው ሰው ግሪን ካርዱም ወዲያው ይሰረዛል ብዬ ጻፍኩ። መልስ 16 ላይ ያው የታክስ ሠሪው ገስጾኝ ሄደ። ስድስት ወሩ የዜግነቱ ቆጠራ ነው። ለግሪን ካርዱ አደገኛ የሚሆነው ያለ መመለሻ ፈቃድ ዓመት መቆየት ነው። ካነሰም መኮንኑ እዚህ መኖር ትተዋል ብሎ ከጠረጠረ ይጠይቃል፤ እናትየውን ያስቀመጣቸው ይኸው ነው። ጽሑፌን አላጠፋሁትም። አርሜዋለሁ።

ከዚህ በኋላ ነው ሰዉ ወደ መሃላው ቃል የዞረው።

መልስ 17 ከዴንቨር የጻፈ ዲያቆን ነው። መጀመሪያ መሃላውን አነሣ፤ ወንጌሉ ፈጽማችሁ አትማሉ እንደሚል፣ እናትየው የጨነቃቸው ይህ ከሆነ ግን መፍትሔ እንዳለው ነገራት። ሕጉ መማል ለማይፈልግ ሰው በማረጋገጫ ቃል እንዲተካ ይፈቅዳል፣ እግዚአብሔር ይርዳኝ የሚለው መዝጊያም ሊቀር ይችላል። በእምነቱ ምክንያት ጦር መሣሪያ አልይዝም የሚል ሰውም ያን ሐረግ ማስወጣት ይችላል። መካድ የሚለውን ግን እሱም ሲያነበው ቀፎታል። ክርስትና ሲነሣ በሕፃኑ ስም እክዳለሁ የሚባለው ለማን እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ለሰይጣን ነው።

መልስ 18 አንድ መስመር ናት። ክርስትና ላይ ሰይጣን የሚካደው ወደ ምዕራብ ዞሮ እንደሆነ፣ እናትየው ደግሞ ምዕራብ ድረስ መጥተው አገራቸውን ካጂ መባላቸውን አስተውሎ ሄደ። የሳቀም የተናደደም ነበር።

መልስ 19 የሐኪም ቤት አስተርጓሚ ናት። ጥፋቱ የእንግሊዝኛው አይደለም፣ የትርጉሙ ነው ባይ ናት። ወረቀቱ ላይ ያለው ታማኝነት ነው። ሰው ዜጋ በመሆኑ ለአንድ መንግሥት ያለበት ግዴታ ማለት ነው። አገር መውደድን፣ ትውልድን፣ አጥንትና ጉልጥምትን አይነካም። እሷ ብትሆን ታማኝነቴን አንሥቻለሁ ብላ ትተረጉመው ነበር። እክዳለሁ የሚለው ሕመምተኛን ልብህ ደክሟል በማለት ፈንታ ልብህ ሞቷል እንደማለት ነው ብላ ከሥራዋ ምሳሌ አመጣች።

መልስ 20 አልተዋጠለትም። ቃል ቢያሳምሩት ያው ነው፤ ያነሣ አንሥቷል። ሰዎች ፓስፖርቱንም ይፈልጋሉ፣ እንባውንም ይፈልጋሉ ብሎ አሾፈ። ትንሽ እውነት አለው፤ የሚጽፈው ግን ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

መልስ 21 በዕድሜ ገፋ ያሉ ሰው ናቸው፤ እዚህ ቤት ጋሼ ነው የምንላቸው። ከማሉ 30 ዓመት ሊሞላቸው ነው። መሃላው የውጭ ልዑልና ገዢ እያለ ሲቆጥር እሳቸው አዳራሹ ውስጥ ቆመው ያስታወሱት ጃንሆይን ነበር። ተማሪ ሳሉ ለገና ከእጃቸው ሹራብ ተቀብለዋል። ጃንሆይ መስከረም 2 ቀን 1967 ወርደዋል፣ ልዑልም ገዢም የለም፤ ታዲያ የምተወው ማንን ነው ብለው ራሳቸውን አጽናኑ። ሹራቡ ቡናማ ነበር፣ እጅጌው ረዝሟቸው ነበር። ስለ ዜግነት ሕግ አንድም ነገር አልጻፉም።

መልስ 22 ግን ጻፈ። ለእኔ የክሩ ቁም ነገር እዚህ ነው። ከሚኒያፖሊስ የሆነው ይህ ሰው የኢትዮጵያን ዜግነት አዋጅ ቁጥር 378/1996 ይዞ መጣ። አንቀጽ 20 በፈቃዱ የሌላ አገር ዜግነት ያገኘ ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን በፈቃዱ እንደተወ ይቆጠራል ይላል። የአሜሪካ መንግሥት ኢትዮጵያዊነትሽን አምጪ ብሎ አይጠይቅም፤ የድሮ ፓስፖርትም አይሰበስብም። የሚወስደው ግሪን ካርዱን ነው። ስለዚህ እናትየው ካዱ የሚባል ከሆነ፣ ካድሽ የሚላቸው አዲስ አበባ ያለው ሕግ እንጂ ሜሪላንድ ያለው አዳራሽ አይደለም። ያ አዋጅ ባይኖር መሃላው ድምፅ ብቻ ሆኖ በቀረ ነበር አለ። ጨምሮም በር እንዳልተዘጋ ጠቀሰ። አንቀጽ 22 ኢትዮጵያዊ የነበረ ሰው ተመልሶ አገሩ ከኖረና የውጭውን ዜግነት ከተወ እንደገና እንዲያመለክት ይፈቅዳል። ያኔ ግን መተው የሚጠየቀው የአሜሪካው ነው።

ስለ ቤቱ የመለሰችው 23ኛዋ ናት። ቢጫ ካርድ እንዲያወጡ መከረች። በአዋጅ 270/1994 የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ የያዘ የውጭ ዜጋ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ ውጭ ዜጋ ነህ ተብሎ ቤት ከመያዝ አይከለከልም። መምረጥና መመረጥ፣ መከላከያ፣ ደኅንነትና ውጭ ጉዳይ መቀጠር ግን አይችልም። የ69 ዓመት እናት መከላከያ እንደማይቀጠሩ ገምታለች። ካርዱ ለልጅ፣ ለልጅ ልጅ፣ ለልጅ ልጅ ልጅም እንደሚሆን አከለች፤ ስለዚህ እዚህ የተወለዱት የጠያቂዋ ልጆችም ይችላሉ።

መልስ 24 ሁለቱንም ፓስፖርት ይዞ መጓዝ እንደሚቻል፣ ማንም እንደማይጠይቅ ጻፈ። መልስ 25 ከፍራንክፈርት ተነሥታ ወረደችበት። ጀርመን ከጁን 2024 ወዲህ ሁለት ዜግነት ፈቅዳለች፣ የመኖሪያውንም ጊዜ ከ8 ወደ 5 ዓመት አውርዳለች። እሷም ዜግነቱን ያገኘችው በዚያ ሕግ ነው። ጀርመኖቹ የድሮሽን ተዪ አላሏትም፤ ኢትዮጵያዊነቷን ያነሣው ያው አንቀጽ 20 ነው። የማይሠራ ፓስፖርት ደብቆ መያዝ ብልጠት እንዳልሆነ ነግራው ሄደች።

መልስ 26 ከሪያድ ነው። 17 ዓመት እዚያ ሠርቷል። በየዓመቱ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን፣ ያሳድሳል፣ ሥራው ሲያልቅ ይወጣል። ማል ብሎ የጠየቀው የለም፤ ወደፊትም አይኖርም። ሌላ ምንም አልጨመረም። ከሱ በኋላ ክሩ ግማሽ ቀን ጸጥ ብሎ ነበር።

ከዚያ ወደ ጣሊያን ሄድን። መልስ 27 ከቦሎኛ ነው። እዚያ አውሮፓዊ ላልሆነ ሰው 10 ዓመት ነዋሪነት ያስፈልጋል፣ የቋንቋ ፈተናም አለ፣ ከዚያ ደግሞ ማመልከቻው ለዓመታት ይተኛል። 10ሩን ወደ 5 ለማውረድ በጁን 8 እና 9 ሕዝበ ውሳኔ ሊደረግ ነበርና የሚመርጡ ጓደኞቹን እየዞረ ይቀሰቅስ ነበር። እንደምናውቀው አልሆነም። ድምፅ የሰጠው ከመራጩ አንድ ሦስተኛ እንኳ አልደረሰም፤ ውጤቱ እንዲጸና ከግማሽ በላይ መውጣት ነበረበት።

መልስ 28 ከፒያሳ ነው፤ የጻፈችው ሴት እግረ መንገዷን ነው የጠየቀችው። የአባቷ አባት ጣሊያን ነበር፤ በወረራው ጊዜ የመጣ መካኒክ። አባቷ ያደጉት በእናታቸው አባት ስም ነው። በዘር ዜግነት ይሰጣሉ ሲባል ሰምታ ነበር።

መልስ 29 የጻፈው ሰው ይህን ታሪክ በደንብ ያውቀዋል። ሮም በፈረንጅ 1940 ባወጣችው ሕግ ጣሊያናዊ አባት ከአፍሪካዊት የወለደውን ልጅ በስሙ እንዳያስመዘግብ ከልክላ ነበር። ሕጉ በ1947 ተሽሯል፤ አባቶቹ ግን ብዙዎቹ ያኔ ሄደዋል፣ ወይም ዝም ብለዋል። በማርች 28 ቀን 2025 ደግሞ በዘር የሚገኘው ዜግነት ተገድቧል። ድሮ ቅድመ አያት ከዚያም በላይ ይቆጠር ነበር፤ አሁን በመሠረቱ ወላጅ ወይም አያት ላይ ይቆማል። እሷ የልጅ ልጅ ስለሆነች በትውልድ ቆጠራው አልራቀችም። የጎደላት ወረቀት ነው። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀት መዝገብ ላይ የአባትየው ስም ተጽፎ እንደሆነ ከዚያ እንድትጀምር መከራት።

መልስ 30 እንዲህ ባለ ቦታ የማይቀረውን አድዋን አመጣው። ቅድመ አያቶቿ የተዋጉትን መንግሥት ፓስፖርት ስትለምን አላፈረችም ወይ ነው ነገሩ።

መልስ 31 ሴትየዋ ናት። ፓስፖርቱን እንዳልለመነች ጻፈች። አባቷ 80 አልፈዋል። እስከ ዛሬ ፎርም ላይ የአባት ስም የሚለው ቦታ ሲደርሱ እስክሪብቷቸውን አንሥተው ትንሽ ይቆያሉ። አንድ ቢሮ፣ አንድ ሰው ብቻ፣ አዎ የእገሌ ልጅ ነህ ብሎ እንዲጽፍላቸው ነው የፈለገችው። 30ኛው አልመለሰላትም። እኔም ብሆን ምን እመልሳለሁ።

መልስ 32 አወያዩ ነው፤ ወደ ርዕሱ እንመለስ አለ።

መልስ 33 ተመለሰ። እናትየው ከመማላቸው በፊት የልደት ቀናቸው በሁሉም ወረቀት ላይ አንድ መሆኑን እንድታይ አሳሰባት። የእሱ እናት 1948 የተወለዱ ናቸው፤ አንዱ በእኛ የተጻፈውን ዓመት እንደ ፈረንጅ አድርጎ ገለበጠውና በአንድ ብዕር ወደ 8 ዓመት አስረጃቸው። የዜግነቱ የምስክር ወረቀት በዚያ ቀን ከወጣ በኋላ ማስተካከል ጭንቅ ነው። ጡረታቸው ቀድሞ ስለደረሰ እሳቸው ግን አላማረሩም።

ጠያቂዋ ከሦስት ሳምንት በኋላ መልስ 34 ላይ ብቅ አለች። አስተርጓሚዋ የጻፈችውን ለእናቷ አንብባላቸዋለች። አነሣሁ የሚለውን ደግመው ደጋግመው በአፋቸው ሞክረውታል። ለንስሐ አባታቸውም ደውለው ግማሽ ሰዓት አውርተዋል፤ ምን እንደተባባሉ አልነገሯትም። በመጨረሻ የወሰኑት እንዲህ ነው። ፈተናውን በአማርኛ ይፈተናሉ፤ መሃላውን በእንግሊዝኛ ይምላሉ። በአማርኛ እክዳለሁም አነሣሁም ከአፋቸው አይወጣም። የነሱን ቃል በነሱ ቋንቋ ይበሉላቸዋል። ልጅቷ የሚምሉትን መረዳት እንዳለባቸው ስትነግራቸው ከሷ ይልቅ እሳቸው እንደተረዱት ገልጸውላታል።

ቢጫ ካርዱንም ያወጣሉ። ለመስቀል ይሄዳሉ፣ ፋሲካን ትተው ለገና ይመለሳሉ፤ ማመልከቻው የሚገባውም ያኔ ነው። ስለ ወንድሟ ምንም አልጻፈችም። 10ኛዋም አልጠየቀቻትም።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ላስገባ። ከኦክቶበር 20 ቀን 2025 ጀምሮ ለሚያመለክት ሰው ጥያቄው 128 ሆኗል፤ እስከ 20 ይጠየቃል፣ 12 መመለስ አለበት። ያን ጊዜ እናትየው ሽሮ ሜዳ ናቸው። ገናን ሲጠብቁ 28 ጥያቄ ተጨመረባቸው።

መልስ 35 የመጨረሻው ነው። ለመስቀል የሚሄዱ ከሆነ ለእናቱ የደም ግፊት መድኃኒት ይዘውለት ይሄዱ እንደሆነ አንዱ ጠየቀ። ግማሽ ኪሎ አይሞላም። የሚቀበለው ሰው ቦሌ ድረስ ይመጣል።